የአቧራው መንገድ ሾፌሮች ወሬ በትክክል ይነገር!

ቅዳሜ ከሰዓት ሁምቦ ጠበላ ላይ ዲኤስ ቲቪ ቤት የገባ ሰው፣ ኳሱ እስካለ ድረስ የሚሰማው ያው የአርሰናልና የማንቼ ጭቅጭቅ ነው። ዕረፍት ሲሆን ግን፣ በተለይ ትልልቆቹ ከኋላ ወንበር ላይ ካሉ፣ ወሬው ሳይታሰብ ከሜዳ ወጥቶ መንገድ ላይ ይገኛል። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ገና አፈር በነበረበት ጊዜ ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ ሐመሳ በሞላ ቀን ማን ደፍሮ ተሻገረ፣ የማን ላንድሮቨር ነበር ከሩቅ በድምፁ የሚታወቀው... ይሄ ሁሉ ይነሳል። ልጆቹም ስልካቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ወሬው መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ሳምንት ደግሞ ከዚያው ይቀጥላል።

‹‹ታዲያ ይሄ የስፖርት ገጽ ጉዳይ ነው እንዴ?›› የሚል አይጠፋም። ነው እንጂ! እዚያ ዲኤስ ቲቪ ቤት ውስጥ የሚወራው ነገር ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ሲወራ ዓለም የሚያውቀው ስፖርት ነው። ስሙም ሳፋሪ ራሊ ይባላል። እነሱም የነበራቸው ይሄው የእኛው ዓይነት ቀይ አቧራ፣ ይሄው ጥቁር ጭቃ፣ ይሄው በበልግ የሚሞላ ወንዝ ነው። ልዩነቱ እነሱ ሰዓት ያዙበት፣ ውጤቱን ጻፉት፣ የሾፌሮቹን ስም ለልጆቻቸው አስተማሩ። እኛ ጋ ግን ወሬው ከአፍ አልወጣም። አፍ ላይ የቀረ ወሬ ደግሞ እያደር ይጣመማል። የዛሬው ጉዳይም ይሄው መጣመሙ ነው።

ወሬው እንዴት እንደተጣመመ ለማየት መጀመሪያ ቀጥ ብሎ የተጻፈውን ማየት ይሻላል። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲጀመር በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ምድር የሚደረግ ውድድር ነበር። ለረጅም ዘመን የሚካሄደው በፋሲካ ሰሞን ነው፤ ማለትም ዝናቡ በሚገባበት ጊዜ። መንገዱ ለውድድሩ ተብሎ አይዘጋም ነበር። ተወዳዳሪው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሲነዳ ከፊቱ ላም ሊገባ ይችላል፣ የጭነት መኪና ሊመጣ ይችላል፣ ድልድዩ ሌሊት በጎርፍ ተወስዶ ሊያገኘው ይችላል። ውጤቱ የሚሰላው በቅጣት ነው። ከአንዱ መቆጣጠሪያ ጣቢያ እስከ ሌላው የተሰጠህን ሰዓት ካሳለፍክ በዘገየኸው ደቂቃ ልክ ይቆጠርብሃል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ቅጣት ያለበት ያሸንፋል።

እንግዲህ የኳስ ሰው ‹‹ፈጣኑ አሸነፈ›› ብሎ ሊገምት ይችላል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. በ1963 ውድድሩን የጀመሩት መኪኖች 84 ነበሩ፤ የጨረሱት 7 ናቸው። በ1968 ደግሞ 93 ጀምረው አሁንም 7 ብቻ ጨረሱ። የቀሩት የት ሄዱ? ጭቃ ውስጥ ተቀበሩ፣ ባሌስትራቸው ተሰበረ፣ ራዲያተራቸው ተበሳ፣ ወንዝ መሃል ሞተራቸው ጠፋ፣ ገደል ገቡ። እነዚያን ሰባት ሰባት ሾፌሮች የኬንያ ሰው ‹‹የማይሰምጡት ሰባት›› እያለ እስከ ዛሬ ያነሳቸዋል። ልብ በሉ፣ ‹‹የሚበሩት ሰባት›› አላላቸውም።

ከሁሉም በላይ የሚነሳው ግን ጆጊንደር ሲንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ኬሪቾ የተወለደ የሲክ ልጅ ነው። የአባቱ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ ይዞ አደገ፤ በኋላም የምሥራቅ አፍሪካ አውቶሞቢል ማኅበር ውስጥ ተቀጥሮ መንገድ ላይ የተበላሸባቸውን ሰዎች የሚረዳ ሠራተኛ ሆነ። ይህን ሰው ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። ሌሎቹ መኪና መንዳት ሲማሩ እሱ መኪና ለምን እንደሚቆም ነበር የሚማረው። የትኛው መንገድ የትኛውን ብረት እንደሚሰብር በእጁ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሳፋሪን ሲያሸንፍ የነዳው ቮልቮ ፒቪ 544 አዲስ መኪና አልነበረም። ፋብሪካው በቀደመው ዓመት ውድድር ላይ አሰልፎት ያልቀናው አሮጌ ነበር። ጆጊንደር ገዛው፣ ፈታታው፣ መልሶ ገጠመው፣ ወንድሙን ጃስዋንትን ከጎኑ አስቀምጦ ወጣ። ዕጣው ደግሞ 1 ቁጥር ሆነለት፤ ፊቱ ማንም አልነበረም፣ የማንንም አቧራ አልበላም። በአፈር መንገድ የነዳ ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል። አቧራ ውስጥ ከኋላ መንዳት ዓይንን ጨፍኖ መንዳት ነው። በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ልዩነት አሸነፈ። በ1974ና በ1976 ደግሞ በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመ፣ ሠለሰ። በራሪው ሲክ የሚል ቅጽል የወጣለትም በዚሁ ነው።

ሦስት ጊዜ ማሸነፉ ትልቅ ነገር ነው። ኬንያውያን ግን ስለ ጆጊንደር ሲያወሩ ሌላም ቁጥር ይጠራሉ። ሳፋሪን 22 ጊዜ ጀምሮ 19 ጊዜ ጨርሷል! ከዘጠና ሦስት ሰባት በሚተርፍበት ውድድር ላይ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ‹‹በራሪ›› የተባለው ሰው ዋና ሥራው መኪናውን ሳይሰብር ቤት ማድረስ ነበር።

ሌላው የማይዘለለው ሼካር ሜታ ነው። ኡጋንዳ የተወለደው ይህ ሰው ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 እስያውያንን ሲያባርር አገሩን ለቆ ኬንያ ገባ። በቀጣዩ ዓመት በዳትሰን 240ዜድ ሳፋሪ ላይ ተሰለፈና ከስዊድናዊው ሃሪ ሻልስትሮም ጋር በቅጣት ነጥብ እኩል ለእኩል ሆኖ ጨረሰ። ለወላይታ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ ዛማሌክን ሀዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፎ፣ ድምሩ እኩል ሆኖ በፍጹም ቅጣት ምት እንዳለፈው በሉት። ለሜታ መለያው ፍጹም ቅጣት ምት ሳይሆን ከሁለቱ ረጅሙን መንገድ ያለ ቅጣት የተጓዘው ማን ነው የሚለው ነበር። እሱ ሆነ። ሜታ ከ1979 እስከ 1982 ባሉት ዓመታት አራት ጊዜ በተከታታይ ጨመረበትና አምስት አደረሰው።

የውጭዎቹስ? በፋብሪካ ቡድን፣ በአውሮፕላን ዕርዳታ፣ በአዲስ መኪና እየመጡ እስከ 1972 ድረስ አንድም ባሕር ማዶ የመጣ ሾፌር ሳፋሪን አላሸነፈም። በዚያ ዓመት ነው ፊንላንዳዊው ሃኑ ሚኮላ በፎርድ ኤስኮርት የሰበረው። አውሮፓ ላይ ከነሱ የሚፈጥን አልነበረም፤ እዚህ ግን ፍጥነቱ ራሱ ነበር የሚጥላቸው። መንገዱን የሚያውቀው የአገሩ ልጅ የት ጋ መፍጠን ብቻ ሳይሆን የት ጋ አለመፍጠን እንዳለበትም ያውቃል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢትዮጵያም ከዚህ ስፖርት ጨርሶ የራቀች አልነበረችም። በንጉሡ ዘመን ሃይላንድ ራሊ የሚባል የመኪና ውድድር በደጋው መንገዶቻችን ላይ ይካሄድ ነበር። ዛሬ የሃይላንድ ራሊን አሸናፊዎች ስም ቁጭ ብሎ የሚዘረዝር የስፖርት ቤተሰብ ማግኘት ግን በጣም ይከብዳል። የማንቼን የ1999 ተሰላፊዎች ከነተቀያሪዎቹ የሚጠራ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል፤ በዚህ ላይ መሳቅ ይቻላል፣ ግን ያሳዝናልም።

ሁምቦና ሶዶ ላይ ደግሞ ውድድር ሳይኖር ጀግኖቹ ነበሩ። የአፈሩ ዘመን ሾፌር ሰዓት የሚይዝለት ዳኛ አልነበረውም፤ የሚያጨበጭብለት ተመልካች ግን ነበረው። መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ነው ዳኛውም ደጋፊውም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወላይታ ግብርና ልማት ድርጅት፣ ዋዱ የሚባለው፣ ሲቋቋም በሁምቦ ቆላ አበላ ላይ ሰፈራ ተጀመረ፤ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው በዚያ አገር እህል፣ ዘር፣ ማዳበሪያና ሰው ማመላለስ ግድ ሆነ። ከዚያ በፊት ትሬንታ ኳትሮ፣ ከዚያ በኋላ ፊያትና አይሱዙ... እያንዳንዱ ዘመን የራሱ መኪናና የራሱ ሾፌር አለው።

የዚያ ዘመን ሾፌር ሥራ ምን እንደነበር የዛሬ ልጅ አያውቀውም፤ ቢነገረው ግን ይወደዋል። ወንዝ ከመግባቱ በፊት ወርዶ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ዱላ ይዞ ውኃውን በእግሩ ይለካል። ቤንዚን መኪና ከሆነ ውኃውን እየረጨ ሞተሩን እንዳያጠፋው የቬንትሌተሩን ቺንጋ ይፈታል፣ ካንዴላው አካባቢ በላስቲክ ይሸፍናል። ጥቁሩ ጭቃ ላይ ፍሬን መያዝ ሞት መሆኑን ያውቃል፤ ማርሹን ቀድሞ መርጦ፣ ነዳጁን ሳይጨምር ሳይቀንስ አንድ ልብ ሆኖ ያልፋል። ጎማ ሲፈነዳ ጎሚስታ ፍለጋ የለም፤ ክሪኩም እጁም የራሱ ነው። ሌሊት ተበላሽቶ ካደረ ደግሞ ከነረዳቱ መኪናው ሥር ነው የሚተኛው። እንዲህ ያለው ሾፌር ‹‹ጋሼ›› ተብሎ ወንበር የሚለቀቅለት በመፍጠኑ አልነበረም። ያሳፈረውን ሰውና የጫነውን ዕቃ ስላደረሰ ነው።

ችግሩ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይህ ሁሉ ይራገፋል። ዱላው ይጠፋል፣ ቺንጋው ይጠፋል፣ መኪናው ሥር የተኛው ሌሊት ይጠፋል። የሚቀረው ‹‹በዚህን ያህል ሰዓት ገባ›› የሚለው ብቻ ነው። በየዓመቱም ሰዓቱ ያጥራል! ሦስት የነበረው ሁለት ተኩል፣ ሁለት ተኩል የነበረው ሁለት ይሆናል። ደጋፊ ሲያወራ ማጋነኑ ያለ ነው፤ ኳስ ላይም ጎሉ በየዓመቱ ከበለጠ ርቀት ነው የሚገባው። ልዩነቱ የኳሱ ግነት ሰው አይገድልም።

ይሄኛው ግን ይገድላል። ያ መንገድ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። ወሬውን የሚሰማው ልጅ የሚይዘው የአባቶቹን ላንድሮቨር ሳይሆን ሞተር ሳይክል፣ ባጃጅ፣ ካልሆነም አይሱዙ ነው። አይሱዙን ሕዝቡ ራሱ ‹‹አልቃይዳ›› ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። ሶዶ ላይ ያለ ሄልሜት ሁለት ሰው አፈናጦ የሚበር የሞተር ሳይክል ልጅ በአእምሮው ማንን እየመሰለ እንደሚነዳ የሚያውቀው እሱ ነው። ነገር ግን ዲኤስ ቲቪ ቤት ውስጥ የሰማው ጀግና በፍጥነቱ ብቻ የተወደሰ ሰው ከሆነ፣ ሌላ ማንን እንዲመስል ነው የሚጠበቀው? በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከእኛ ብዙም በማይርቀው ሲዳማ፣ ቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሰርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ 71 ሰዎች አልቀዋል። የዚያ አደጋ ምክንያት የራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ማንንም ለመክሰስ አልተነሳም። ግን በዚህ አካባቢ ስለ መኪናና ስለ ጀግንነት የሚያወራ ሰው ያን ቀን ረስቶ ማውራት አይችልም።

አንዳንዶች ‹‹እንግዲያው ወሬው ራሱ ይቅር›› ይላሉ። የትራፊክ ፖሊስ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ግን ትክክል አይደለም። ትልልቆቹ ዝም ቢሉ ልጁ ጀግና ማጣቱ አይደለም፤ ከፊልም ወይም ከስልኩ ሌላ ያመጣል። እዚያ ያለው ጀግና ደግሞ መኪና ሲያጋጭ እንጂ ሲጠግን አይታይም። መድኃኒቱ ወሬውን መዝጋት ሳይሆን ሙሉውን ማውራት ነው። ጆጊንደር ሲንግን ተመልከቱት። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ በ81 ዓመቱ ሲያርፍ የተነሳለት 1965ና ድሉ ብቻ አልነበረም፤ ጋራዡም፣ አሮጌው ቮልቮም፣ 19ኙም አብረው ተነሱ። ለምን ቢባል ተጽፎ ስለነበረ ነው። የተጻፈ ነገር ለማጋነን አይመችም።

እንግዲህ ሁምቦ ላይ ማን ይጻፍ? የዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤት በጀት የለኝም ይል ይሆናል፤ ለዚህ ግን ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። ሶዶ ላይ የኤፍ ኤም ጣቢያ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ። የጦና ንቦቹ ደጋፊዎች ደግሞ አሉ፤ ድቻ ከሜዳው ውጪ ሲጫወት ተከትሎ አገር የሚያቋርጥ ደጋፊ እዚያው ከተማው ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ ሾፌር ቤት መሄድ አይከብደውም። የክለቡ ታሪክም ቢሆን ከዚህ በሽታ አያመልጥም። ድቻ በ2001 ዓ.ም. ተመሥርቶ ለዛማሌክ ጨዋታ የበቃው በአሥር ዓመት ውስጥ ነው፤ ያን ጉዞ ያዩት ሰዎች ዛሬ ወጣት ናቸው፤ ነገ ግን እነሱም የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከአሁኑ ሾፌሮቹን መጻፍ የለመደ እጅ ተጫዋቾቹንም ይጽፋል።

እዚህ ላይ ኬንያውያንንም ሙሉ በሙሉ ማሞገስ አይገባም። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ካላንደር ወጥቶ እስከ 2021 ድረስ ሳይመለስ ቆይቷል። ሲመለስም ሴባስቲያን ኦዢዬ ነው ያሸነፈው፤ የአገሩ ልጅ የውጭውን የሚያስቀናበት ዘመን አልፏል። ቢሆንም ውድድሩ በጠፋባቸው ዓመታት ሁሉ ወሬው አልጠፋም። የ1994ቱን አሸናፊ ኢያን ደንካንን፣ በሱባሩ ሕዝቡን ያስጨፈረውን ፓትሪክ ንጂሩን ከነመኪናቸው የሚያስታውስ ሰው ናይሮቢ ውስጥ መፈለግ አያስፈልግም። ሳፋሪ ሲመለስ መንገድ ዳር ወጥቶ የተቀበለው ይህ ትዝታ ያሳደገው ሕዝብ ነው።

የሁምቦው ሥራ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊጀመር ይችላል። ስልክ የሌለው ልጅ የለም፤ ሁሉም ስልክ ደግሞ ድምፅ ይቀዳል። ዕረፍት ላይ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ማስወራት ነው። ብቻ ጥያቄው ይስተካከል። ‹‹ጋሼ፣ አርባ ምንጭ በስንት ሰዓት ገቡ?›› የሚለው ቀርቶ፣ ‹‹ጋሼ፣ እስኪደርሱ ስንት ጊዜ ወርደው መንገዱን አዩ? ምን ተሰበረ? በምን ጠገኑት? ማንን አሳፍረው ነበር?›› ተብሎ ይጠየቅ። ሁለተኛው አጋማሽ ቢጀመርም ግድ የለም፤ ጎሉ እንደሆነ ማታ በድጋሚ ይታያል።